የደሴት የእግር መንገድ አመራረጥ፦ ከውበቱ በፊት ውኃውን ጠይቁ

በስደት የምንኖር ሰዎች ዕረፍት ሲደርስ ቀድሞ የሚታየን አገር ቤት ነው። አገር ቤት መሄድ ባልተቻለበት ዓመት ግን ቤተሰብና ጓደኛ ተሰባስቦ ወደ ሞቃት ደሴት የሚበርርበት ጊዜ አለ። አሜሪካ ያለው ወደ ሃዋይ፣ ፈረንሳይ ያለው ወደ ሬዩኒዮን፣ የገልፍ አገሮች ውስጥ ያለው ወደ ሞሪሺየስ። እዚያ ከደረሱ በኋላ ደግሞ «እኛ የተራራ ልጆች አይደለንም እንዴ!» ብሎ የጫማን ማሰሪያ አጥብቆ መውጣት ይመጣል። ይህ ጽሑፍ ከመውጣታችን በፊት መንገዱን በምን መመዘኛ እንደምንመርጥ ለማስረዳት የቀረበ ነው። ምሳሌዬ ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ የሆነችው ካዋይ ናት። እሷን የመረጥኩት በራሴ ስህተት የተማርኩባት ስለሆነች ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሲያትል አምስት ሆነን ሄድን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ታናሽ ወንድሟና ሁለት ጓደኞቻችን። መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ የመረጥኩትም ፎቶግራፍ አይቼ ነው። በደሴቱ ሰሜን ጠረፍ፣ መኪና የሚሄድበት መንገድ ከሚያልቅበት ቦታ ተነስቶ ገደል ገደሉን የሚጓዝ፣ ካላላው የሚባል 11 ማይል (18 ኪሎ ሜትር ገደማ) የእግር መንገድ አለ። የመጀመሪያው 2 ማይል ሃናካፒአይ ወደሚባል ሸለቆና የባሕር ዳርቻ ያደርሳል። ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ ሌላ 2 ማይል ወደ ውስጥ ለገባ ሰው 90 ሜትር ያህል የሚወርድ ፏፏቴ ይጠብቀዋል። ደርሶ መልስ 8 ማይል መሆኑ ነው። «ይህማ እንጦጦን ወጥቶ እንደመውረድ ነው» አልኩ።

ጠዋት ወንዙን ስንሻገር ውኃው ከቁርጭምጭሚት እምብዛም አያልፍም ነበር። ድንጋይ ከድንጋይ እየረገጥን፣ እየተሳሳቅን አለፍን። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ፣ በእኛ ላይ ጠብታ ሳይወርድብን፣ ያው ወንዝ ቡናማ ሆኖ፣ ቅጠልና እንጨት እየነዳ፣ እስከ ወገብ ሞልቶ ጠበቀን። የባለቤቴ ወንድም ሱሪውን ሰብስቦ «ጠዋት በዚሁ አልፈን የለም? እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሻገር» አለ። እውነቱን ለመናገር የእኔም ልብ ፈቅዶ ነበር። ባለቤቴ ግን ጉደር አካባቢ ያደገች ናትና ክንዱን ይዛ «ተው ስልህ! ይህ ደራሽ ነው፤ ደራሽ ጀግና አያውቅም» አለችው። ሦስት ሰዓት ያህል ቁጭ ብለን ጠበቅን። ራበን፣ በረደን፣ ተኮራረፍን። ውኃው ሲጎድል ተሻግረን የቀረውን መንገድ በባትሪ መብራት ጨረስነው።

በኋላ ስጠይቅ የእኛ ታሪክ የተለመደ ሆኖ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ2014 ከመቶ የሚበልጡ ተጓዦች በዚሁ ወንዝ ሙላት ምክንያት ማዶ ቀርተው የነፍስ አድን ሠራተኞች አውጥተዋቸዋል። እንሻገራለን ብለው ሕይወታቸውን ያጡም አሉ።

ነገሩ ለምን እንዲህ ይሆናል? ደሴቱ የተሠራበትን መልክ ማወቅ ያስፈልጋል። በካዋይ ላይ አብዛኛውን ዓመት ነፋስ የሚነፍሰው ከሰሜን ምሥራቅ ነው። ከባሕሩ እርጥበት ተሸክሞ ይመጣና ከደሴቱ መሃል ከቆሙት ተራሮች ጋር ይጋጫል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመናው ይወፍራል፣ ይዘንባል። 1,569 ሜትር ከፍታ ያለው ዋይአሌአሌ ተራራ በዓመት በአማካይ ከ9 ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ ከ1,200 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይርቅ መሆኑን አስቡ። ከዚያው ተራራ 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ነፋሱ በተጋረደበት በደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ መሬቱ ደረቅ ቆላ ነው። እንግዲህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ደሴት ላይ፣ አንዱ ፊት ፀሐይ ሲሞቅ ሌላው በዝናብ ይታጠባል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ወንዞቹ አጫጭርና ቁልቁል ናቸው። ከተራራው አናት እስከ ባሕሩ ያለው ርቀት ትንሽ ስለሆነ ላይ የዘነበው ታች ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳ ላይፈጅበት ይችላል። ከተራራው ሥር የቆመ ተጓዥ ግን የሚያየው በራሱ ላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ነው። ዝናቡ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2018 ከዚህ መንገድ መነሻ ብዙ በማይርቀው በዋይፓ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,262 ሚሊ ሜትር ዘንቧል። ይህ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ጋር የሚወዳደር ነው። በጎርፉና በመሬት መንሸራተቱ ሳቢያ የካላላው መንገድ እስከ ሰኔ 2019 ድረስ ተዘግቶ ቆይቷል።

እንግዲህ ማንኛውንም የደሴት መንገድ ከመምረጣችን በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች እንጠይቅ።

አንደኛ፣ መንገዱ ወንዝ ይሻገራል? ይህ ከርዝመቱም ከውበቱም የሚቀድም ጥያቄ ነው። ድልድይ የሌለው ወንዝ ካለ፣ የጠዋቱ መንገድ የማታው መንገድ ላይሆን ይችላል። ውኃው ቀለሙን ከቀየረ፣ ቅጠልና ጭራሮ መንዳት ከጀመረ፣ ወይም ድንጋይ ሲንከባለል ከተሰማ ወደ ከፍታ ወጥቶ መጠበቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውኃው በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ጥም ቢይዛችሁም ከወንዙ አትጠጡ። በሃዋይ ወንዞች ውስጥ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ መንገዱ በየትኛው የደሴቱ ፊት ነው? ነፋሱ በሚመታው በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ጭቃ፣ ጎርፍና ድንገተኛ ዝናብ ይጠበቃል። በደረቁ በኩል ደግሞ ችግሩ ሙቀትና የውኃ ጥም ነው። ለምሳሌ በምዕራብ በኩል ወደ ዋይሜአ ሸለቆ የሚወርደው የኩኩይ መንገድ በ2 ማይል ተኩል ውስጥ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ጠዋት በቀዝቃዛው ሲወርዱት ቀላል ነው፤ ያንኑ በቀትር ፀሐይ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ማይሉን አትቁጠሩ። በቀይ ጭቃና በዛፍ ሥር ላይ በሰዓት አንድ ማይል መሄድ የተለመደ ነው። በሞቃቱ የዓለም ክፍል ደግሞ ማታ ቶሎ ይመጣል፤ ይህን ልጆች ሳለን እናውቀው ነበር። ስዊድን ወይም ሚኒሶታ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ግን የበጋውን ረጅም ምሽት ስለለመደ ይረሳዋል። በካዋይ በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከዛፍ በታች ምንም አይታይም። በሰሜኑ ገደላማ ጠረፍ ስልክም አይሠራም።

አራተኛ፣ መንገዱ ክፍትና የተፈቀደ ነው? ሃናካፒአይ ለመሄድ ከሃዋይ ውጭ የሚመጣ ሰው ወደ ፓርኩ ለመግባት አስቀድሞ ቦታ መያዝ አለበት፤ ከሸለቆው አልፎ በካላላው መንገድ ለመቀጠል ደግሞ የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። «ዝግ ነው» የሚል ምልክት ያለበትን መንገድ በአጥር ሾልኮ መግባት ብልህነት አይደለም። በኦዋሁ ደሴት ሴክሬድ ፎልስ የሚባለው ፏፏቴ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1999 ድንጋይ ተንዶ 8 ሰው ከገደለ ወዲህ የተዘጋ ነው።

አምስተኛውና ለእኛ ከባዱ ጥያቄ፣ ከመካከላችን ደካማው ማን ነው? መንገድ የሚመረጠው ለእሱ ነው። እዚህ ላይ ይሉኝታችን ጠላታችን ይሆናል። ጉልበቱን ያመመው «ስለ እኔ ብላችሁ አትመለሱ» ይላል፤ የፈራው «ፈሪ እንዳልባል» ብሎ ዝም ይላል፤ አዘጋጁ ደግሞ «ይህን ሁሉ የአውሮፕላን ዋጋ ከፍለን» እያለ ይገፋል። በዚያ ወንዝ ዳር አምስታችንም ፈርተን ነበር፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ቁርስ ላይ፣ ገና ማንም ሳይደክም፣ የመመለሻ ሰዓት ወስኑ። ያ ሰዓት ሲደርስ ፏፏቴው በአንድ ኩርባ ቢቀር እንኳ ዞር ማለት ነው። ከአንድ ሰው በላይ ድምፅ አያስፈልግም፤ አንዱ «እንመለስ» ካለ ሁሉም ይመለሳል።

ዛሬ ካዋይ ለሚሄድ ወዳጅ የምመክረው ሁለት መንገድ ይዞ እንዲነሳና ጠዋት የአየሩን ትንበያ አይቶ አንዱን እንዲመርጥ ነው። ዝናብ በሚያሰጋበት ቀን በደቡብ ጠረፍ ማሃኡሌፑ ላይ ባሕሩን እያዩ መሄድ ይቻላል፤ መንገዱ ልጆችንም ትልልቅ ሰዎችንም የሚመች ነው። መጠነኛ ዳገት የሚፈልግ በምሥራቅ በኩል ኖኡኖኡ ተራራን ይውጣ፤ ለአንድ ጉዞ 2 ማይል አይሞላም፣ ወንዝም አይሻገርም፤ ብቻ ሲዘንብ ያንሸራትታል። ሃናካፒአይን የግድ ማየት የሚፈልግ ደግሞ እስከ ወንዙ ዳር ሄዶ ውኃውን ይመልከት። ጥርጣሬ ካለው ሳይሻገር ይመለስ፤ የገደሉን ውበት እስከዚያው ድረስ አይቶታል።

የሬዩኒዮንም የሞሪሺየስም ተጓዥ በዚሁ መመዘኛ ሊጠቀም ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ በወረደ ዝናብ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘችው ሬዩኒዮን ናት። አባቶቻችን ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የባለቤቴ ወንድም አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው። ወንዝ ባየ ቁጥር አስቀድሞ ወደ ተራራው ይመለከታል።

መልካም ጉዞ፣ በሰላም ተመለሱ።