የመስመር መጨረሻ ምልክትና ወደ ሰርቨር የሚላኩ ፋይሎች

ጽሑፍ በወረቀት ላይ ሲሰፍር የመስመሩን መጨረሻ ዐይን ያያል። ኮምፒዩተር ግን ጽሑፍን የሚያውቀው በተከታታይ ቁጥሮች ስለ ሆነ፥ መስመሩ ማለቁን የሚያመለክት ቁጥር ያስፈልገዋል። የኮምፒዩተር ሥርዐቶች በዚህ ምልክት አይስማሙም፤ ይህም ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው በሚላክበት ጊዜ ጉዳት ያመጣል።

የልዩነቱ ምንጭ ቴሌታይፕ የተባለው የጽሕፈት መኪና ነው። በዚህ መኪና አዲስ መስመር ለመጀመር ሁለት ሥራ ያስፈልግ ነበር፤ አንደኛው መጻፊያውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መመለስ፥ ሁለተኛው ወረቀቱን አንድ መስመር ማሳለፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው አስኪ የተባለው የፊደል ቁጥር ሥርዐት ለመመለሻው 13፥ ለማሳለፊያው 10 ሰጠ። ዊንዶውስ ዛሬም ሁለቱን አከታትሎ ይጽፋል፤ ለዩኒክስና ለሊኑክስ ግን 10 ብቻ ይበቃቸዋል።

እንግዲህ በዊንዶውስ የተጻፈ የፐርል ፕሮግራም እንዳለ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ተልኮ በቀጥታ ሥራ ቢጀምር ምን ይሆናል? የመጀመሪያው መስመር የአስፈጻሚውን ፕሮግራም ስም ብቻ የያዘ ከሆነ፥ ከስሙ ቀጥሎ 13 ይቀራል። ሊኑክስም ቁጥሩን የስሙ ክፍል አድርጎ ስለሚወስደው፥ በዚህ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ፈልጎ ያጣል፤ ሥራውም ይቆማል። ሰው ፋይሉን ቢያነበው ግን አንዳች ስሕተት አይታየውም።

ታዲያ የሚላከውን ሁሉ መለወጥ ይሻላልን? አይሻልም። በፎቶግራፍ ፋይል ውስጥ የሚገኙት 13ና 10 የሥዕሉ መረጃ እንጂ የመስመር መጨረሻ አይደሉም። አንዱ ቢነሣ ሥዕሉ ይበላሻል፤ የት እንደ ነበረም ስለማይታወቅ፥ ዋናው ቅጂ ከጠፋ መጠገኛ የለውም። የፒ.ኤን.ጂ. ሥዕል ፋይልን ያዘጋጁት ሰዎች ይህን አስበው፥ ፋይሉ 137፥ 80፥ 78፥ 71፥ 13፥ 10፥ 26፥ 10 በተባሉ ስምንት ባይቶች እንዲጀምር አደረጉ። መስመር የሚለውጥ ፕሮግራም ከነካው ይህ ምልክት ስለሚዛባ ጉዳቱ ወዲያው ይታወቃል።

ስለዚህ ፋይል የሚልክ ስክሪፕት የሚጽፍ ሰው ሦስት ነገር መጠበቅ ይገባዋል።

አንደኛ፥ ፋይሉን በባይነሪ ከፍቶ ባይቱን ሳይነካ ያንብብ፤ ጽሑፍ መሆኑን ሳያረጋግጥ አይለውጥ።

ሁለተኛ፥ መለወጥ ካስፈለገ አስቀድሞ 13ና 10 የተከታተሉበትን በአንድ 10 ይተካ፤ ከዚያ በኋላ ብቻውን የቀረውን 13 ይተካ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ በየመስመሩ መካከል ባዶ መስመር ይገባል።

ሦስተኛ፥ ለሰርቨሩ የሚነገረውን የፋይል ርዝመት ከለወጠ በኋላ ይቍጠር። አስቀድሞ ቢቈጥር፥ የተቀነሱት ባይቶች በቍጥሩ ውስጥ ስለሚቀሩ ሰርቨሩ ከቶ የማይመጣ ባይት ሲጠብቅ ይቈያል።