ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ወዴት?

ባለፈው ፕራክቲከም በወጣንበት ት/ቤት አንዲት እናት በር ላይ ጠብቀው፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ይህን ልጅ ዘጠነኛ ክፍል የት ላስገባው?» ሲሉ ጠየቁን። ልጁን እናውቀዋለን። ሂሳብ በቃል ሲጠየቅ ከማንም ቀድሞ ይመልሳል፤ ከሰሌዳው ላይ አንብብ ሲባል ግን ያልበዋል። «ሰ»ን ከ«በ» ያምታታል፣ መስመር ይዘላል። ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ «ሰነፍ» የሚል ስምም ወጥቶለታል። እኛም ለእናቱ መልስ ስላልነበረን አንገታችንን ደፍተን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ከመምህራኖቻችን ጋር ተወያይተን የተረዳነውን እነሆ ለአንባብያን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ የመማር ችግር ስንፍና አይደለም። አእምሮው በደንብ እያሰበ ማንበብ ብቻ፣ ወይም መጻፍ ብቻ፣ ወይም ማስላት ብቻ ተለይቶ የሚከብደው ልጅ አለ። የንባቡ ዓይነት ዲስሌክሲያ ይባላል። ሆኖም ይህ ነው ከማለት በፊት የልጁ ዐይንና ጆሮ ይመርመር። መነጽር ብቻ የጎደለው ልጅ ስንት ዓመት ሙሉ ደደብ ሲባል ኖሮ ይሆናል!

ታዲያ ሁለተኛ ደረጃ ምን የተለየ ነገር አለው? ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። የእኛ ፊደል ብዛቱ ከሁለት መቶ ቢበልጥም አንዱ ፊደል የሚሰጠው ድምፅ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የእንግሊዝኛው ፊደል 26 ብቻ ይሁን እንጂ በየቃሉ ድምፁን ይለዋውጣል። ስለዚህ በአማርኛ ንባብ የተቸገረ ልጅ ሸክሙ እጥፍ ይሆንበታል። በዚህ ላይ መጽሐፉ ይወፍራል፣ ማስታወሻ መገልበጡ ይበዛል።

ብዙ ወላጅ ት/ቤት የሚመርጠው በስሙና ባሳለፈው ተማሪ ብዛት ነው። ነገር ግን ጎበዙን ተቀብሎ ጎበዝ ማውጣት ምን ይደንቃል? የተቸገረውንስ ምን ያደርገዋል? ጥያቄው ይህ ነው። በመሆኑም ወላጅ ግቢው ድረስ ሄዶ የሚከተሉትን ይጠይቅ፦

1ኛ/ በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነ መምህር ወይም የአካቶ ትምህርት መርጃ ማዕከል አለ ወይ?

2ኛ/ በክፍል ፈተና ጊዜ ጥያቄው ይነበብለታል? ተጨማሪ ደቂቃ ይሰጠዋል? በቃል እንዲመልስስ ይፈቀድለታል?

3ኛ/ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ ይቀመጣል?

4ኛ/ መንገዱ ምን ያህል ይርቃል? ቤት ተከራይቶ የሚማር ከሆነ ማታ ማን ያስጠናዋል?

5ኛ/ ልጁ ራሱ ምን ይላል?

«በእኛ ወረዳ ያለው አንድ ት/ቤት ብቻ ነው፤ ምን ምርጫ አለ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ምርጫ ከሌለ ያለውን ት/ቤት ለልጁ ማዘጋጀት ይገባል። እዚህ ላይ የእኛ የመምህራን ድርሻ ይመጣል። ካርዱ ላይ «42» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ስለ ልጁ ምን ይናገራል? የስምንተኛ ክፍል መምህሩ ልጁ የሚችለውን፣ የሚከብደውንና በምን ዘዴ ሲያስረዱት እንደሚገባው በአንድ ገጽ ጽፎ ለሚቀበለው ት/ቤት ቢልክ ወጪው አንድ ወረቀት ነው።

ደግሞም ይህ የቸርነት ጉዳይ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች እንዲማሩ ደንግጓል። በዚያው ዓመት በስፔን ሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታት ተወካዮች መደበኛው ት/ቤት ልጆችን ሁሉ እንዲቀበል ተስማምተዋል።

በልምምዳችን ማብቂያ ከእናትየው ጋር ሁለት ት/ቤቶች ሄድን። ስም ያለው ት/ቤት «ለአንድ ልጅ ጊዜ የለንም» አለን። በቅርብ ያለው ግን፣ «የሠለጠነ ሰው የለንም፤ ጥያቄውን ግን እናነብለታለን፤ ስለ ልጁ ጻፉልን» አለ። እናትየው ቅርቡን መረጡ፤ ገጿንም ከክፍል ኃላፊው ጋር ሆነን ጻፍን። ልጁ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል ብለን መማል አንችልም። ይሁን እንጂ «ሰነፍ» የሚለው ስም ቀድሞት አልገባም።

የሙያ ባልደረቦቻችን ሆይ፣ ነገ በየተመደብንበት ይህ ጥያቄ ይጠብቀናል። አንገት ደፍተን እንዳንመለስ ከወዲሁ እንዘጋጅ!