ስልኩና ጋዜጣው

ሄግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ በተባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከሆላንድስ ስፖር ባቡር ጣቢያ ወደ ሆቤማፕላይን ሲኬድ፣ በእግረኛ መንገዱ ድንጋዮች መሀል ኤሪጀሮን የሚባል ቀጭን አረም ይበቅላል። ስልክ አውጥተው ፎቶ ቢያነሱት፣ ሆላንዶች የሚወዱት ኦብስአይደንቲፋይ የተባለ መተግበሪያ ወዲያው ስም ይሰጠዋል፤ ቀኑና ቦታውም አብሮ ይመዘገባል።

ቦታን እንዲህ በቀላሉ መያዝ የተቻለው አሜሪካ የጂፒኤስን ምልክት ሆን ብላ ማዛባቷን በሜይ 2000 እ.ኤ.አ. ካቆመች ወዲህ ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈው። ከዚያ በፊት መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር። ያም ሆኖ ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊስ ሊበንበርግ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ማንበብ የማይችሉ ዱካ አዋቂዎች በሥዕል የሚሞሉትን ሳይበርትራከር የተባለ ፕሮግራም ለእጅ ኮምፒውተር አዘጋጀ። ኋላ ኦዲኬና ኮቦ የተባሉ መተግበሪያዎች መጡ፤ ኔትወርክ በሌለበት ጫካ ቅጽ ይሞላባቸዋል።

አገር ቤት ለሚሠራ አንድ ወጥመድ አለ። የኢትዮጵያ 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው መነሻ ልኬት ሲሆን፣ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። ሁለቱን ያልለየ መዝጋቢ ያየውን ዛፍ ከ200 ሜትር በላይ ያርቀዋል፤ ሸለቆ ውስጥ የበቀለው አፋፍ ላይ ቆሞ ይገኛል።

ዋናው ክርክር ግን ሌላ ነው፦ ፎቶ ካለ ናሙና ማድረቅ ለምን? አልቀበለውም። ኤሪጀሮን ካናደንሲስን ከኤሪጀሮን ሱማትሬንሲስ የሚለየው በአበባው ዙሪያ ያለው ፀጉርና የመሀለኞቹ ጥቃቅን አበቦች ጫፍ ነው፤ የመጀመሪያው ባብዛኛው 4፣ ሁለተኛው 5 ጥርስ አለው። ያለ አጉሊ መነጽር አይታይም። ስልኩ ግን ያለ ማመንታት ስም ይናገራል።

የደረቀ ናሙና የሚሰጠውን ጥቅም ለማየት ኮረሪማችንን እንይ። ሳይንሳዊ ስሙ አፍራሞሙም ኮሮሪማ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ያንሰን የሚል ይከተላል፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ቅመማ ቅመምና መድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ ያሳተመው የቫኽኒንገኑ ሆላንዳዊ ነው። የቫኽኒንገን የደረቁ ዕፅዋት ስብስብ ዛሬ ላይደን ከተማ ባለው ናቱራሊስ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል፤ ከሄግ በባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ። ከኢትዮጵያ የተለቀሙት ቅጠሎች እዚያ አሉ፤ የተጠራጠረ ገልጦ ያያል፣ ፀጉር ይቆጥራል፣ ዲኤንኤ ያወጣል።

እኔም የሆቤማፕላይኗን አረም ፎቶ ካነሳሁ በኋላ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ በጋዜጣ መሀል አድርጌ ወፍራም መጽሐፍ ጫንኩባት። ስልኬ ሱማትሬንሲስ ብሏታል። ስትደርቅ ጥርሶቿን እቆጥራለሁ።