በእርጅና የእግር ብርታት፦ የዘር ድርሻው ምን ያህል ነው?

ዕድሜ ሲገፋ እግር ከእጅ ቀድሞ ይደክማል። ከወንበር መነሳት፣ ደረጃ መውጣት፣ ሲያደናቅፍ ሳይወድቁ መቆም ሁሉም የጭን ጡንቻን ብርታት ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ፒትስበርግና ሜምፊስ የተጀመረው «ሄልዝ ኤቢሲ» ጥናት ከ70 እስከ 79 ዓመት የሆናቸውን ሰዎች ሲከታተል፣ የእግራቸው ብርታት ከጡንቻቸው መጠን በሦስት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ሲቀንስ አገኘ። ነገሩ የሥጋ መክሳት ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ የጡንቻው ጥራትና ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭም አብረው ይዳከማሉ።

ታዲያ አንዱ አዛውንት ዳገት ሲወጡ እኩያቸው ከአልጋ ለመውረድ ደጋፊ የሚሹት ለምንድን ነው? ምግብ፣ ሕመምና የኖሩበት ሥራ ብዙ ያስረዳሉ። የዘርን ድርሻ ለመለየት ግን ተመራማሪዎች ወደ መንትዮች ዞሩ። ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ነው፤ ሌሎቹ መንትዮች እንደ ማንኛውም ወንድምና እህት ግማሹን ገደማ ይጋራሉ። የመጀመሪያዎቹ በብርታት ይበልጥ ከተቀራረቡ ልዩነቱ ዘርን ያመለክታል። በፊንላንድ ከ63 እስከ 76 ዓመት በሆናቸው መንታ ሴቶች ላይ በተደረገው ጥናት፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የእግር ብርታት ልዩነት ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ከዘር የመጣ ነው።

ይህ አኃዝ በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት እንጂ የአንድን ሰው ዕጣ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1990 በቦስተን አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ የመጦሪያ ነዋሪዎች ለ8 ሳምንት የእግር ክብደት ልምምድ ሠርተው የጭን ጡንቻቸው ብርታት በአማካይ 174 በመቶ ጨምሯል። «ዘሬ ነው» ብለው ለተቀመጡ ወላጆቻችን ይህን ውጤት ደጋግሜ ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

በስም ከታወቁት ዘረመሎች ብዙ የተወራለት ኤሲቲኤን3 ነው። በፈጣን የጡንቻ ክሮች ውስጥ የሚገኘውን አልፋ-አክቲኒን-3 የተባለ ፕሮቲን ያሠራል። ከአባትም ከእናትም የማይሠራውን ቅጂ የወረሱ ሰዎች ፕሮቲኑ ጨርሶ የላቸውም፤ ከአውሮፓውያን 18 በመቶ ያህሉ እንዲህ ናቸው፣ ጤናቸውም ደህና ነው። በእርጅና ይበልጥ የሚሳሱት ፈጣኖቹ ክሮች በመሆናቸው ጥርጣሬው ተገቢ ነበር። ውጤቱ ግን አልተስማማም፤ አንዳንድ ጥናት ፕሮቲኑ የሌላቸው አረጋውያን በመራመድ ሲቸገሩ ያገኛል፣ ሌላው ልዩነት አያይም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ብርታትን የሚሸከመው የብዙ ዘረመሎች ጥቂት ጥቂት ድርሻ ነው፤ አንዱን ብቻ መርምሮ ስለ እርጅና ትንቢት የሚሸጥ ሰው አይታመን።

ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ የሚያስሱት ትልልቅ ጥናቶች ደግሞ እጅን ነው የለኩት። የመዳፍ ጭብጥ በትንሽ መሣሪያ ወዲያው ይለካል፤ የጉልበት መዘርጋትን ለመለካት ግን ልዩ ወንበርና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት 60 ዓመት የሞላቸውን ከ250,000 በላይ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች መርምሮ ከደካማ ጭብጥ ጋር የተያያዙ 15 የዘረመል ሥፍራዎችን አገኘ፤ ከነሱም አንዳንዶቹ ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር የተያያዙ ናቸው። የእጅ አንጓ ቁርጥማት ጭብጥን ያዳክማል፤ ስለ ጭን ጡንቻ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው።

በኢትዮጵያውያን ላይ ኤሲቲኤን3 የተጠናው በሯጮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጥናት የማይሠራው ቅጂ ከኬንያውያን ይልቅ በኢትዮጵያውያን እንደሚበዛ አሳይቷል፤ የረጅም ርቀት ሯጮቹን ከሌላው ሕዝብ የሚለይ ነገር ግን አላገኘም። የጉልበት መዘርጋት የሚለካበት ወንበር አሁን ወደ አዛውንቶቻችን መምጣት አለበት፤ ዳገት ሲወጡ የኖሩትንም ከተማ የኖሩትንም ጎን ለጎን የሚመዝን።