ሲጋራው ሲቀንስ ሐዘኑ በዛ

የአሜሪካ ታዳጊዎች ምን እንደሚያጨሱና ምን እንደሚጠጡ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በየዓመቱ ሲመዘገብ ኖሯል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ «ሞኒተሪንግ ዘ ፊውቸር» የተባለውን ጥናት በ1975 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ጀመረ፤ የ8ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በ1991 ተጨመሩ። በዚያው ጊዜ ገደማ ሲዲሲ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የራሱን መጠይቅ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማቅረብ ጀመረ። ሁለቱም ጥናቶች የሚደረጉት ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሆነ ትምህርት ያቋረጡት፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚጠናባቸው ልጆች፣ አይቆጠሩም።

የአደንዛዥ ዕፅ ጫፍ የታየው በ1979 ነው። ያን ዓመት ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 54 በመቶው ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ሕገ ወጥ ዕፅ ቀምሰዋል፤ አልኮል የጠጡት 88 በመቶ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እየወረደ ሄዶ በ1992 ዕፅ የቀመሱት 27 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደገና አገረሸ፤ በ1997 በየቀኑ የሚያጨሱት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከአራት አንድ ደርሰው ነበር። በ1998 የትምባሆ ኩባንያዎች ከ46 ክፍለ ግዛቶች ጋር የፈረሙት ስምምነት የመንገድ ዳር ማስታወቂያንና ልጆችን የሚስቡ የካርቱን ሥዕሎችን አስቀረ፤ የሲጋራ ዋጋም ናረ። ዛሬ በየቀኑ የሚያጨሱት 3 በመቶ አይሞሉም። በ2024 ደግሞ በዓመቱ አልኮል የቀመሱት 42 በመቶ ነበሩ።

ተመራማሪዎቹ ለዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ለረጅም ጊዜ የሰጡት ማብራሪያ ፍርሃት ነው፤ ልጆች አንድን ነገር አደገኛ ነው ብለው ሲያምኑ ይሸሹታል። በ1978 ማሪዋናን አዘውትሮ ማጨስ ትልቅ አደጋ አለው ያሉት 35 በመቶ ነበሩ፤ በ1991 ግን 79 በመቶ ደረሱ፣ አጫሹም አብሮ ቀነሰ። ይህ በፍርሃትና በማጨስ መካከል ያለው ዝምድና በኋላ ላልቷል። ማሪዋናን የሚፈራው ተማሪ ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ቢቀንስም አጫሹ በዚያው ልክ አልበዛም።

የሲጋራው ቦታ ባዶ ሆኖ አልቀረም። በ2015 ገበያ የወጣው ጁል የተባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፍላሽ ዲስክ ስለሚመስል ልጆች ክፍል ውስጥ እጃቸው ላይ ይዘውት ሊቀመጡ ይችሉ ነበር። በወር ውስጥ ኒኮቲን በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ (በቬፕ) የሳቡ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በ2017 11 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 25 በመቶ ሆኑ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ትምባሆ መግዣ ዕድሜ በመላ አገሪቱ ወደ 21 ከፍ አለ። ቀጥሎ ኮቪድ መጣና ልጆች ከጓደኞቻቸው ተለይተው ቤት ሲውሉ የዕፅም የመጠጥም ቁጥር በ2021 በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ ይህን የጠበቀ ብዙ ባለሙያ አልነበረም።

የአእምሮ ጤናው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። የሲዲሲ መጠይቅ ተማሪዎችን የሚጠይቀው ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ለማለት ይቻላል፣ የዘወትር ሥራቸውን እስኪተዉ ድረስ አዝነው ወይም ተስፋ ቆርጠው እንደሆነ ነው። አዎ ያሉት በ2011 28 በመቶ፣ በ2021 42 በመቶ፣ በ2023 40 በመቶ ነበሩ። ከሴቶቹ መካከል በ2021 57 በመቶ ደርሷል። ልጆች ስሜታቸውን መናገር ስለለመዱ ነው እንጂ ችግሩ አልባሰም የሚሉ አሉ። ክርክሩ ከፊል እውነት ቢኖረውም የሞት መዝገብ አይደግፈውም፦ ከ10 እስከ 24 ዓመት ባሉት ዘንድ ራስን የማጥፋት መጠን ከ2007 እስከ 2018 57 በመቶ ጨምሯል።

የስነ ልቦና መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ሲያስተምሩ የኖሩት መጠጥ፣ ሲጋራና የመንፈስ ጭንቀት ተያይዘው እንደሚሄዱ ነበር። አንድ ልጅ ለብቻው ሲታይ ይህ ዛሬም ይሠራል፤ በትውልድ ደረጃ ግን ሱሱና ጭንቀቱ ተለያይተዋል። የስነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጂን ትዌንጊና ጆናታን ሃይት ጥፋቱን በስማርት ስልክ ላይ ይጥላሉ፤ እንደ ካንዲስ ኦጀርስ ያሉ የሙያ ባልደረቦቻቸው ደግሞ ማስረጃው ዝምድናን እንጂ መንስኤነትን አያሳይም ብለው ይሞግታሉ። ክርክሩ አልተቋጨም። ሆኖም ልጆች ለመጠጥ ይገናኙበት የነበረው የምሽት ጨዋታ ለብቸኝነትም መድኃኒት እንደነበር መርሳት አይገባም።

የዕፅ ተጠቃሚው ቁጥር ሲወርድ አደጋው አልወረደም። ከ2019 ሁለተኛ አጋማሽ እስከ 2021 ሁለተኛ አጋማሽ ከ10 እስከ 19 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በወር የሚመዘገበው ከመጠን ያለፈ ዕፅ በመውሰድ የመጣ ሞት ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ገዳዩ በብዛት ፌንታኒል የተባለው ኃይለኛ ሰው ሠራሽ ማደንዘዣ ነው፤ የፋርማሲ መድኃኒት መስሎ በተሠራ ሐሰተኛ ክኒን ውስጥ ይገኛል፣ ልጁም ምን እንደዋጠ ላያውቅ ይችላል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ እንዳሉት ኢትዮጵያውያን፣ ሱስን በሲጋራ፣ በጫትና በአረቄ ለሚያውቅ ወላጅ ይህ አዲስ ፈተና ነው፤ ሲጋራና መጠጥ ሽታው ያጋልጣል፣ ክኒን ግን አይሸትም። በፌንታኒል ትንፋሹ የቆመን ሰው ሊመልስ የሚችለው በአፍንጫ የሚረጨው ናሎክሶን ከ2023 መስከረም ጀምሮ በአሜሪካ ፋርማሲዎች ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል።