የተደመሰሰው ቴፕና የተመልካቹ ትዝታ



ሰዎች በልጅነታቸው የወደዱትን የቴሌቪዥን ድራማ፣ ያደነቁትንም የጠፈር ጉዞ ምስል ከያለበት እያወጡ በማኅበራዊ መገናኛ ሲለዋወጡ እናያለን። ይህ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነውን? የእኔ መልስ አይደለም የሚል ነው። ምክንያቴን በሁለት ታሪኮች አስረዳለሁ።

የመጀመሪያው የአፖሎ 11 ታሪክ ነው። ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃን የረገጠው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ለ12 ሰዓት 4 ደቂቃ ሲቀረው ነበር። ጨረቃ ላይ የነበረው የቴሌቪዥን ካሜራ በሰከንድ 10 ምስሎችን ይልክ ነበር፤ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚሠራው ግን በ30 ነው። ስለዚህ በካሊፎርኒያና በአውስትራሊያ የነበሩት መቀበያ ጣቢያዎች የመጣውን ምስል በመስታወት ላይ እያሳዩ በሌላ ካሜራ መልሰው ይቀርጹት ነበር። ዓለም ያየው ይህንኑ የደበዘዘ ቅጂ ነው። ያልተለወጠው ምልክት ለብቻው በመግነጢሳዊ ቴፕ ተቀርጾ ተቀምጦ ነበር። ይሁን እንጂ ናሳ በኋለኞቹ ዓመታት የቴፕ እጥረት ስለገጠመው ብዙ ቴፖች ተደምስሰው ለሌላ ሥራ ዋሉ። ለዓመታት ፍለጋ የተደረገላቸው የአፖሎ 11 ቴፖችም ከእነዚሁ ጋር ሳይጠፉ እንዳልቀሩ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ሁለተኛው የልብ ወለድ ታሪክ ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ «ዶክተር ሁ» የተሰኘውን፣ በጊዜና በጠፈር ስለሚመላለስ መንገደኛ የሚተርከውን ድራማ ያሳይ ነበር። ቴፕ ውድ በመሆኑና ድራማውን ዳግመኛ የሚፈልገው ይኖራል ተብሎ ባለመታሰቡ ብዙ ክፍሎቹ ተደመሰሱ። ጣቢያው ስለ አፖሎ 11 ከስቱዲዮው ካስተላለፈው ሥርጭት አብዛኛው እንዲሁ ጠፍቷል። እውነተኛውንም ሆነ ምናባዊውን የጠፈር ጉዞ ያጠፋው ምክንያት አንድ ነው፤ ክፋት ሳይሆን ቁጠባ።

ታዲያ ምን ተረፈ? የድራማው ወዳጆች መቅረጸ ድምፃቸውን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጠው ድምፁን ይቀዱ ነበርና፣ ምስላቸው የጠፋው ክፍሎች ሁሉ ድምፃቸው ዛሬ ይገኛል። ወደ ውጭ አገር ከተላኩት የፊልም ቅጂዎች መካከልም 9 ክፍሎች ናይጄሪያ ውስጥ፣ ጆስ ከተማ ተገኝተው እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ሆነዋል። በአፖሎ 11 ጊዜ ደግሞ አንድ የአውስትራሊያ ጣቢያ ሠራተኛ ከጨረቃ የመጣውን ምስል ከመስታወቱ ላይ በራሱ ትንሽ የፊልም ካሜራ ቀርጾ አቆይቷል። ተቋም ያልጠበቀውን ፍቅር ጠበቀው ማለት ነው።

በእኛ ዘንድ ትዝታ የናፍቆት ብቻ ሳይሆን የቅኝትም ስም ነው። ቅኝት ደግሞ ሥርዓት አለው። ትዝታን መለዋወጥም ሥርዓት ካላበጀንለት ያቆየነውን መልሰን እናደበዝዘዋለን። ምሳሌ ልስጥ። ጨረቃ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው የጠፈርተኛ ዝነኛ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ «አርምስትሮንግ» ተብሎ ይቀርባል። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ግን በዝ ኦልድሪን ነው፤ አርምስትሮንግ ፎቶ አንሺው ስለነበር የሚታየው በኦልድሪን የራስ ቁር መስታወት ላይ በትንሹ ተንጸባርቆ ነው። ፎቶግራፉ ጥርት ብሎ የሚታየውም ፊልሙ ከጠፈርተኞቹ ጋር ወደ ምድር ስለተመለሰ እንጂ በቀጥታ ሥርጭት የመጣ ስላልሆነ ነው። አንዲት የተሳሳተች መግለጫ ሁለቱንም እውነቶች ትሸፍናለች።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አደራ እላለሁ። የምታጋሩት ምስል ወይም ድምፅ መቼና በማን እንደተሠራ ጻፉበት። ቅጂ ከሆነ ቅጂ መሆኑን ግለጹ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካጋራችሁ በኋላ ዋናውን አትጣሉ። በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ከሬዲዮ የተቀዱ ድራማዎች፣ ዘፈኖችና ዜናዎች ያሉባቸው ካሴቶች አሉ። ማግኔታቸው ከዓመት ዓመት እየደከመ ይሄዳል፤ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው። ከእነዚህ አንዱ የትኛውም መዝገብ ቤት የሌለው ብቸኛ ቅጂ ሊሆን ይችላል። በላዩ ሌላ ነገር ከመቅዳታችሁ በፊት አዳምጡት።