ስለ ጭንቀት ደዌ ምክንያት

ሰው አደጋ ሲመጣበት ወይም ልጁ ሲታመምበት ቢጨነቅ፥ የተፈጥሮ ነገር ነውና ደዌ አይባልም። ነገር ግን በሰላም በተቀመጠበት ልቡ እየደለቀ፥ እጁ እየተንቀጠቀጠ፥ ላብ እያጠመቀው ሞትሁ ሞትሁ የሚያሰኝ ፍርሃት ቢይዘው፥ ምክንያቱን መመርመር ይገባል። በብዙ ስፍራ ግን ከምርመራው አስቀድሞ ስም ይወጣለታል፤ ጐረቤቱ መንፈስ አድሮበታል ይላል፥ የመሥሪያ ቤት አለቃውም ሥራ ጠልቶ ነው ይለዋል።

እንዲህ ያለው ችኰላ በሐኪሞችም ዘንድ ነበረ። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1835 ዓ.ም. የደብሊን ሐኪም ሮበርት ግሬቭስ የአንዲት የ20 ዓመት ሴት ታሪክ ጽፏል። ሕመሟ በመጀመሪያ ሂስቴሪያ የሚባለው የነርቭ ሁከት መስሎ ነበር፤ በኋላ ግን የልቧ ትርታ በደቂቃ ከ120 የማያንስ ሆኖ ተገኘ፤ ዓይኗ ፈጠጠ፥ አንገቷም አበጠ። ደዌው የእንቅርት ዕጢ ደዌ ነበረ።

ይህ እንቅርት ለሚበዛበት ለኢትዮጵያ ደጋ ሕዝብ የሩቅ ወሬ አይደለም። እርግጥ በአዮዲን እጦት የሚመጣው አብዛኛው እንቅርት ፍርሃትን አያመጣም። ነገር ግን ብዙ ዘመን የቆየው አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያለፈ ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ ያን ጊዜ ሰውየው እየበላ ይከሳል፥ በብርድ ያልበዋል፥ እንቅልፍ ያጣል፥ ይሸበራል። ይኸውም በደም ምርመራ ይታወቃል፤ መድኃኒትም አለው።

የልብ ምት መዛባት፥ የደም ማነስ፥ በስኳር ሕመምተኛም ላይ የስኳሩ መውረድ ይህንኑ ይመስላሉ። ቡናና ጫት ማብዛትም እንዲሁ ነው። ይልቁንም አረቄ ያዘወተረ ሰው ስእለት ተስሎ በድንገት ቢተው፥ በጥቂት ቀን ውስጥ መንቀጥቀጥና ድንጋጤ ሊይዘው ይችላል፤ ይህ እስከ ሞት የሚያደርስ ስለ ሆነ በሐኪም ፊት እንጂ በቤት ተዘግቶ የሚታለፍ አይደለም።

ሥጋው ተመርምሮ ምንም ባይገኝ ደግሞ ሐሰተኛ ነው ማለት ስሕተት ነው። ድንገት መጥቶ የሚሄድ ሽብር አለ፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር ባወጣው የበሽታዎች መዝገብ ራሱን የቻለ ደዌ አድርጎ ጽፎታል። ለወራት የማይለቅ ሥጋትም አለ፤ ካለፈ መዓት በኋላ በሕልም የሚመላለስ ድንጋጤም አለ። ጽኑ ኀዘንም ብዙ ጊዜ ጭንቀት መስሎ ይመጣል፤ ሕመምተኛው ሞትን የሚመኝ ቃል ከተናገረ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሊደርስ ይገባዋል። እነዚህ ሁሉ በምክክርና በመድኃኒት ይታከማሉ።

የንስሓ አባት ይህን ነገር ከሐኪም ቀድሞ ይሰማል። ጸሎትና ጠበል ከሐኪም ምርመራ ጋራ አይጣሉም፤ የታዘዘለትን መድኃኒት አቋርጠህ ተጠመቅ ማለት ግን ብዙዎችን ጐድቷል። ስለ እንቅልፉ፥ ስለ ክሳቱ፥ ስለ መጠጡ ቢጠይቀው፥ አለቃውም ደመወዙን ከመቍረጡ በፊት ወደ ሐኪም ቤት ቢልከው፥ ሐኪሙ አስቀድሞ የደም ሥሩን ትርታ ይቈጥራል፥ አንገቱንም ይዳስሳል።